ኑሮ በሚረክስበት የውጭ ከተማ ተቀምጦ በርቀት ለመሥራት

ኑሮ ርካሽ በሆነበት የውጭ ከተማ ተቀምጦ በኢንተርኔት መሥራት የሚፈልግ ሰው ብዙውን ጊዜ ፍለጋውን የሚጀምረው ከቤት ኪራይ ነው። እኔ ግን ከቪዛው እንዲጀምር እመክራለሁ፤ ምክንያቱም ኪራይ ቢወደድ ሌላ ሰፈር ይፈለጋል፣ የመቆያ ፈቃድ ሲያልቅ ግን አገሩን ለቆ ከመውጣት በቀር ምርጫ አይኖርም።

ደመወዙ ከውጭ አገር ቢመጣም እንኳ፣ በቱሪስት ቪዛ ገብቶ መሥራት በብዙ አገሮች ወይ የተከለከለ ነው፣ ወይ ሕጉ በግልጽ አላስቀመጠውም። ኢስቶኒያ እ.ኤ.አ. በ2020 ለርቀት ሠራተኞች የተለየ ቪዛ ያዘጋጀች ሲሆን፣ ሌሎችም ተመሳሳይ ፈቃድ መስጠት ጀምረዋል። ታይላንድ እ.ኤ.አ. በ2024 የጀመረችው ቪዛ ለ5 ዓመት የሚያገለግልና በአንድ መግቢያ እስከ 180 ቀን የሚያስቀምጥ ነው፤ አመልካቹም 500,000 ባህት እንዳለው በማስረጃ ማሳየት ይጠበቅበታል። በሼንገን አገሮች (በመካከላቸው የድንበር ቁጥጥርን ባስቀሩት የአውሮፓ አገሮች) ለአጭር ጊዜ የሚቆይ እንግዳ የሚፈቀድለት በየትኛውም 180 ቀን ውስጥ 90 ቀን ብቻ ሲሆን፣ ቆጠራው የሁሉንም አባል አገሮች ስለሚያጠቃልል ከሊዝበን ወደ አቴንስ መዛወር ቀኑን እንደገና አያስጀምርም።

ከቪዛው ቀጥሎ የሚመጣው ግብር ነው፤ ሁለቱ የተለያዩ ሕጎች መሆናቸውን ብዙ ሰው ይዘነጋል። በብዙ አገሮች በዓመት 183 ቀን የቆየ ሰው ለግብር ነዋሪ ተደርጎ ይቆጠራል፤ በታይላንድ ደግሞ ወሰኑ 180 ቀን ነው። ስለዚህ ቪዛው የፈቀደውን ቀን ሁሉ መጠቀም በዚያ አገር የግብር ግዴታ ሊያስከትል ይችላልና፣ የመግቢያና የመውጫ ቀናትን መዝግቦ መያዝ ያስፈልጋል። ተቀጣሪ የሆነ ሰው የቀጣሪውን ፈቃድ በጽሑፍ ይቀበል። የሰዓት ልዩነቱንም አብሮ ያስላ፤ በኒው ዮርክ የጠዋት ሥራ ሲጀመር በታይላንዷ ከተማ ቺያንግ ማይ መሽቷል፣ ይህንንም ለወራት የሚችል ሰው ጥቂት ነው።

ቤትን በሚመለከት፣ ቦታውን ሳያዩ ከሩቅ ሆኖ የረጅም ጊዜ ውል መፈረም አይገባም። ለመጀመሪያው ሳምንት ማረፊያ ይዞ ሰፈሮቹን በእግር ማየት፣ የተወደደውንም ቤት በሥራ ሰዓት ሄዶ መፈተሽ ይሻላል። ኢንተርኔቱ የሚለካው ሳሎን ውስጥ ሳይሆን የሥራ ጠረጴዛው በሚቀመጥበት ክፍል፣ በሩ ተዘግቶ ነው፤ ለቪዲዮ ስብሰባ ከማውረጃው ፍጥነት እኩል የመጫኛውም ፍጥነት ወሳኝ ስለሆነ ሁለቱም ይታዩ። ባለቤቱ መብራትን በስንት ሒሳብ እንደሚያስከፍል መጠየቅ ግድ ነው፤ ከመንግሥት ታሪፍ በላይ የሚያስከፍሉ አከራዮች አሉና ርካሽ የመሰለው ኪራይ በአየር ማቀዝቀዣ ምክንያት ሊወደድ ይችላል። ቁልፍ በተረከቡበት ዕለት የቆጣሪውን ንባብ፣ ግድግዳውንና ዕቃዎቹን ፎቶ ማንሳት መያዣ ገንዘብ ሲመለስ ክርክርን ያስቀራል። ወቅቱንም ማየት ይገባል፤ በቺያንግ ማይ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ የሰብል ቅሪትና የደን ቃጠሎ ጭስ አየሩን ስለሚበክለው፣ ሳንባቸው ለሚያስቸግራቸው ሰዎች ያኔ እዚያ መቆየቱን አልመክርም።

ለገንዘብ ቢያንስ ከሁለት ባንኮች የወጡ ካርዶች ተለያይተው ይቀመጡ። ኤቲኤም ሒሳቡን በአገርዎ ገንዘብ ልቀይርልዎ ሲል ምንዛሬው አብዛኛውን ጊዜ ስለሚጎዳ በከተማው ገንዘብ መክፈልን ይምረጡ። ባንኮች የማረጋገጫ ኮድ የሚልኩት በቀድሞው ስልክ ቁጥር ስለሆነ ያ ሲም ካርድ ሥራ ላይ መቆየት አለበት፤ የአካባቢውን ኢንተርኔት በኢሲም (ካርድ ሳይገባ ስልኩ ላይ በሚጫን ሲም) መጠቀም ይቻላል።

የጤና መድን ሲገዛ ውሉ እስከ መጨረሻው ይነበብ። በተለይ ሞተር ሳይክል ለመከራየት የሚያስብ ሰው፣ ለዚያ ዓይነት ሞተር የሚያገለግል መንጃ ፈቃድ ከሌለው መድኑ የአደጋውን ሕክምና ላይከፍል እንደሚችል አውቆ ፈቃዱን ከመነሳቱ በፊት ያውጣ።