ሰው ያለ ክፍያ ለምን ይጽፋል? የዊኪፔዲያ አርታኢዎችን ሲያጠኑ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ዋናው ስህተት «ለምን ይጽፋሉ?» ብሎ ጠይቆ መልሱን እንዳለ መቀበል ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ የእንግሊዝኛ ዊኪፔዲያ ጥናት 151 አርታኢዎችን ጠይቆ ነበር። ከፍተኛ ነጥብ ያገኙት ሁለቱ መልሶች ደስታና «እውቀት ለሁሉም በነጻ ይዳረስ» የሚለው እምነት ናቸው። በሳምንት ከሚሠሩት ሰዓት ጋር ሲተያይ ግን እምነቱ ይህ ነው የሚባል ዝምድና አልታየበትም። እኛ ዘንድ ደግሞ ይሉኝታ ይጨመርበታል፤ «ለአገሬ ብዬ ነው» የማይል ማን አለ? ስለዚህ ከቅርቡ ይጀምሩ፦ «መጨረሻ ያስተካከሉት ገጽ የቱ ነው? ምን አይተው ገቡ?» ከዚያ የመለያ ስሙን በፈቃዱ ተቀብለው መልሱን ከገጹ የለውጥ ታሪክ ጋር ያስተያዩ።

ሁለተኛው መጠይቁን ቃል በቃል መተርጎም ነው። የበጎ ፈቃደኞችን ተነሳሽነት ለመለካት የተለመደው መጠይቅ በስድስት የምክንያት ዓይነቶች የተከፈሉ 30 ዓረፍተ ነገሮች አሉት፤ መልሱም ከ1 እስከ 7 ነው። «በጎ ፈቃደኛ ነዎት?» ሲባል ብዙው ሰው የሚያስበው በክረምት የአረጋውያንን ቤት ማደስ ወይም ደም መለገስን ነው። በስልኩ የትውልድ ከተማውን ገጽ የሚያርመው «እኔ እንኳ አይደለሁም» ብሎ ያልፋል። «መዝናናት» ካሉትም ሐሳቡ ወደ ካፌና ሙዚቃ ይሄድበታል፤ «ስሠራ ሰዓቱ ሳይታወቀኝ ይነጉዳል» የሚለው ይሻላል። አንድ ሰው ይተርጉም፤ ዋናውን ያላየ ሌላ ሰው መልሶ ይተርጉመው። ከዚያ ከአምስት እስከ ስምንት ሰዎች ጥያቄውን እያነበቡ ምን እንደገባቸው ጮክ ብለው ይናገሩ። አብዛኛው ጉድለት እዚህ ላይ ይወጣል።

ሦስተኛው መልስ የሰጠውን ሰው የሁሉም ወኪል ማድረግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በዊኪፔዲያ ገጽ ላይ ተለጥፎ የተሠራ ትልቅ መጠይቅ የሴት አርታኢዎችን ድርሻ ከ13 በመቶ በታች አድርጎት ነበር። ቆይቶ መልስ ያልሰጡት ታስበው ሲታረም፣ የአሜሪካ አዋቂዎች ብቻ ሲወሰዱ 17.8 በመቶ የነበረው የሴቶች ድርሻ ወደ 22.7 በመቶ ከፍ አለ። የባሰው ደግሞ ትተው የሄዱትን መርሳት ነው። የመጀመሪያ ጽሑፉ ተሰርዞበት የወጣ ሰው መጠይቁን ከቶ አያየውም። ናሙናዎን ከመለያዎች ዝርዝር ያውጡ፤ ስድስት ወር ድምፃቸው የጠፋውንም ለብቻ ይምረጡ።

የአርትዖት ብዛት ብቻ መቁጠርም ያሳስታል። አንዱ ፊደል ሲያርም ሃያ ጊዜ ያስቀምጣል፤ ሌላው ቤቱ ጽፎ ጨርሶ አንዴ ይለጥፋል። ቦቶችን (በራሳቸው የሚያርሙ ፕሮግራሞችን) ከቆጠራው ያውጡ፤ በመካከላቸው ከአንድ ሰዓት ያነሰ ክፍተት ያላቸውን አርትዖቶች እንደ አንድ የሥራ ቆይታ ይቁጠሩ። አማካይም አይጠቀሙ፤ ጥቂት ብርቱዎች ስለሚጎትቱት መካከለኛው ቁጥር፣ ማለትም ሁሉም በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መሃል ላይ የሚውለው፣ ይሻላል።

አበልና የኢንተርኔት ካርድ የሚሰጥበት የጽሑፍ ዘመቻ ካለ፣ በዕለቱ የተጻፈውን እንደ ተነሳሽነት አይመዝግቡ። በ30ኛውና በ90ኛው ቀን ማን እንደተመለሰ ይዩ።

ምክንያቱን በሰውየው ልብ ውስጥ ብቻ መፈለግ የተለመደ ነው፤ ግን አንባቢም ያነሳሳል። ቻይና እ.ኤ.አ. በ2005 ዊኪፔዲያን ስትዘጋ፣ ከአገር ውጭ ያሉትና ያልተዘጋባቸው የቻይንኛ አርታኢዎች አስተዋጽኦ በአማካይ 42.8 በመቶ ወረደ። እነሱን የከለከላቸው አልነበረም፤ የሚያነብላቸው ግን ቀንሷል። «ማን ያነበዋል ብለው ያስባሉ?» የሚለው ጥያቄ ከመጠይቅዎ አይጉደል።

በአማርኛው ዊኪፔዲያ ደግሞ ዘወትር የሚጽፉት ጥቂት ናቸው። ስም ባይጠየቅም ዕድሜ፣ ጾታና ከተማ ሲገጣጠሙ ሰውየው ይታወቃል። ዕድሜን በአሥር ዓመት ክልል፣ ከተማን «አገር ቤት» ወይም «ውጭ አገር» ብለው ይጠይቁ፤ ከአምስት ሰው በታች ያለበትን የሠንጠረዥ ሣጥን ከሌላው ጋር ያዋህዱት።