በአካል ብቃት ምዘና ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ምዘና ዋጋ የሚያገኘው ሲደገም ነው። ከስድስት ወይም ከስምንት ሳምንት በኋላ የሚገኘው ቁጥር ከመጀመሪያው ጋር እንዲነጻጸር ሁለቱም በአንድ ዓይነት መንገድ መለካት አለባቸው። ካልሆነ ደንበኛው በላቡ ያመጣው ለውጥና የሜትሩ መንሸራተት አይለዩም። ለግል ደንበኞች የሚሠሩ አሰልጣኞች ደጋግመው የሚሳሳቱባቸው ነገሮች የሚከተሉት ናቸው።

የጤና ቅጹን ለወጉ ያህል ማስሞላት

ፓር-ኪው የሚባለው ቅጽ ሰባት ጥያቄዎች አሉት። የልብ ሕመም፣ የደረት ሕመም፣ ማዞርና ራስን መሳት፣ የአጥንትና የመገጣጠሚያ ችግር፣ የግፊት ወይም የልብ መድኃኒት ይጠይቃል። ቅጹን አቀብሎ ዞር ማለት ግን አይበቃም። «ግፊት አለብዎት?» ሲባል «የለብኝም» የሚል ሰው፣ «በየቀኑ የሚወስዱት ኪኒን አለ?» ሲባል ስሙን ሊነግርዎ ይችላል። ለአንዱም ጥያቄ «አዎ» ካለ ሐኪም ሳያየው ፈተና አይጀመርም። እንደ አቴኖሎልና ፕሮፕራኖሎል ያሉ መድኃኒቶች የልብ ምትን ዝቅ አድርገው ስለሚይዙ፣ ሐኪሙ ቢፈቅድ እንኳ በልብ ምት ላይ የተመሠረተ ስሌት ለእነዚህ ሰዎች አይሠራም። ደንበኛው የሚሰማውን ድካም ራሱ ከ6 እስከ 20 ባለ ቁጥር የሚገልጽበትን የቦርግ የድካም መለኪያ ይጠቀሙ።

ደንበኛው ሳያርፍ ግፊት መለካት

በታክሲ ተጋፍቶ፣ ደረጃ ወጥቶ፣ ማኪያቶውን ጠጥቶ የገባን ሰው ወዲያው ቢለኩት የሚያገኙት የመንገዱን ድካም ነው። ከመለካቱ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ቡና፣ ሲጋራና እንቅስቃሴ አይኑር፤ ሽንት ቤትም ይሂድ፣ የሞላ ፊኛ ግፊት ይጨምራል። ከዚያ ጀርባውን አስደግፎ፣ እግሩን ሳያነባብር መሬት አስረግጦ፣ ክንዱን በልብ ትክክል አሳርፎ አምስት ደቂቃ ዝም ብሎ ይቀመጥ። በሚለካበት ጊዜ አያውሩት።

ክንድ ላይ የሚጠቀለለው ጨርቅ ብዙ ሰው የማያስተውለው ችግር ነው። በውስጡ ያለው አየር የሚሞላው ክፍል የክንዱን ዙሪያ 80 በመቶ ያህል መክበብ አለበት። ወፍራም ክንድ ላይ ጠባብ ጨርቅ ካሰሩ ጤነኛውን ሰው ግፊት ያለበት ያስመስለዋል። ስለዚህ ጂሙ ቢያንስ ሁለት መጠን ይያዝ። በአንድ ደቂቃ ልዩነት ሁለት ጊዜ ለክተው አማካዩን ይጻፉ። 140/90 እና ከዚያ በላይ ደጋግሞ ከታየ ደንበኛውን ወደ ሐኪም ይላኩ። 180/110 ከደረሰ የዚያን ቀን ፈተና ይቅር፤ የደረት ሕመም፣ ከባድ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ ካለው ደግሞ ጊዜ ሳይሰጡ ወደ ሕክምና ነው።

የስሌት ቀመርን እንደ እውነት መያዝ

ከፍተኛውን የልብ ምት ለማስላት የሚሠራበት 220 ሲቀነስ ዕድሜ ግምት ብቻ ነው። ለ40 ዓመት ሰው 180 ይሰጣል፤ የሰውየው ትክክለኛ ከፍተኛ ምት ግን በአሥር፣ በአሥራ ሁለት ምት ከዚያ ከፍ ወይም ዝቅ ቢል የተለመደ ነው። ዕድሜን በ0.7 አባዝተው ከ208 ይቀንሱ የሚለው ቀመር በተለይ ለጎልማሶች ይሻላል፤ እሱም ቢሆን ግምት ነው።

አዲስ አበባ ላይ ሌላም ጉዳይ አለ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ትላለች። ቆላ ላይ በተዘጋጁ ሰንጠረዦች ደንበኛን «ደካማ» ብሎ መፈረጅ በደል ነው። ከዱባይ ወይም ከድሬዳዋ ትናንት የገባን ሰው ዛሬ ቢፈትኑት ለዚያው ሥራ ልቡ ፈጥኖ ይመታል። ሁለት፣ ሦስት ሳምንት ይቆይና ይፈተን። ውጤቱንም ከራሱ ከቀድሞው ጋር ያነጻጽሩት።

በተገኘው ሣጥን የደረጃ ፈተና ማካሄድ

የሦስት ደቂቃው ፈተና የሚጠይቀው 30.5 ሴንቲ ሜትር ከፍታና በደቂቃ 96 ምት የሚመታ ሜትሮኖም ነው፤ በደቂቃ 24 ጊዜ ሙሉ መውጣትና መውረድ ማለት ነው። ሜትሮኖሙ በስልክ ይገኛል። የ40 ሴንቲ ሜትር ሣጥን ሌላ ፈተና ነው። ሲያበቃ ወዲያው ያስቀምጡትና በአምስት ሰከንድ ውስጥ የልብ ምቱን መቁጠር ጀምረው ሙሉ አንድ ደቂቃ ይቁጠሩ። ምቱ ፈጥኖ ስለሚወርድ ሃያ ሰከንድ ቢዘገዩ ደንበኛው ሳይለወጥ የተለወጠ ይመስላል።

ሜትሩን እንደ ዓይን ግምት መጣል

ወገብ የሚለካው ከመጨረሻው የጎን አጥንትና ከዳሌ አጥንት ጫፍ መሃል፣ ደንበኛው ትንፋሹን በተፈጥሮ አውጥቶ ሲጨርስ ነው። ሜትሩ ዙሪያውን ከወለሉ እኩል ከፍታ ይኑረው፤ ቆዳውን ይንካ እንጂ አይጭነው። ከቆዳ ሥር ያለውን ስብ ቆንጥጦ በሚለካው ካሊፐር ሲለኩ ሁልጊዜ የቀኙን ጎን ይያዙ፣ ከጣትዎ አንድ ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብለው ይንከሱ፣ በአንድ ወይም በሁለት ሰከንድ ውስጥ ያንብቡ። ከስፖርት በኋላ ደምና ፈሳሽ ወደ ቆዳ ስለሚሄድ ካሊፐር የሚመጣው ከእንቅስቃሴ በፊት ነው። ይህ ሁሉ ልብስ ገለጥ ማድረግ ስለሚጠይቅ በተዘጋ ክፍል ይሁን፤ ሴት ደንበኛ ሴት አሰልጣኝ ከፈለገች ይሟላላት።

ኤሌክትሪክ አሳልፎ ስብ የሚያሳየው ሚዛን በሰውነት ውኃ ላይ የተመሠረተ ነው። ውኃ ያነሰውን ሰው ስቡ የበዛ አድርጎ ያሳያል። ስለዚህ በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት ውኃ እንኳ ሳይቀምስ የዋለን ሰው፣ ወይም በረመዳን ከማፍጠሪያ በፊት የመጣን፣ ከፋሲካና ከኢድ በኋላ ካለው ልኬት ጋር ማነጻጸር አይቻልም። የመጀመሪያው በጾም ከተደረገ ቀጣዩም በዚያው ጾም ውስጥ፣ በዚያው ሰዓት ይሁን። በጾም ባዶ ሆዱን የዋለ ሰው የልብና የጉልበት ፈተና በሌላ ቀን ይውሰድ።

ጀማሪን እስከ መጨረሻው ክብደት መግፋት

አንድ ጊዜ ብቻ የሚነሣው ከፍተኛ ክብደት ቴክኒኩን ላልያዘ ሰው አደጋ ነው። ስምንት ጊዜ ያህል በትክክል የሚያነሣውን ይፈልጉና ያስሉ፦ የድግግሞሹን ቁጥር ለ30 አካፍለው 1 ይደምሩ፣ በክብደቱ ያባዙ። 40 ኪሎ ስምንት ጊዜ ያነሣ ወደ 51 ኪሎ ይሆናል። ድግግሞሹ ከአሥር ካለፈ ግምቱ ይላላል።

ቁጥሩን ብቻ መጻፍ

«ፑሽ አፕ 18» የሚል ማስታወሻ ከሁለት ወር በኋላ ምንም አይናገርም። በጉልበት ነው በእግር ጣት? ደረቱ ምን ያህል ወረደ? ሰዓቱ፣ የሣጥኑ ከፍታ፣ ጫማ መኖር አለመኖሩ፣ የፈተናዎቹ ቅደም ተከተልና የለካው ሰው ይጻፍ። ሁለተኛውንም ያው ሰው ይለካ። የራስዎንም ስሕተት ይወቁ፤ አንድን ሰው ወገብ ሦስት ጊዜ ለክተው ውጤቱ በአንድ ሴንቲ ሜትር ከተለያየ፣ ለደንበኛዎ ግማሽ ሴንቲ ቀነሱ ብለው አይንገሩት።