የምግብ ቤቱን የሚመስል የበሬ ሥጋና የአትክልት ኑድል ጥብስ ቤት ውስጥ እንዴት ይሠራል

ለዓመታት ጥፋቱን ሶሱ ላይ ሳላክክ ኖሬያለሁ። ከምግብ ቤት በቴክ አዌይ የሚመጣው ኑድል ሥጋው ለስላሳ ነው፣ ካሮቱ ጥርስ ሥር ቀጭ ይላል፣ ኑድሉ እርስ በርሱ ሳይጣበቅ ያብረቀርቃል። እኔ የምሠራው ግን ግራጫ ሥጋ ቡናማ መረቅ ውስጥ የተዘፈዘፈበት ነበር። ስለዚህ ሌላ ሶስ እገዛለሁ፣ ቀጥሎም ሌላ፤ መደርደሪያው በጠርሙስ ሲሞላ ምግቡ ያው ነው። ኋላ እንደገባኝ ችግሩ ውሃ ነበር። ከሥጋው፣ ከአትክልቱና ከኑድሉ የሚወጣው ውሃ መጥበሻውን ድስት ያደርገዋል፤ ጥብስ ብለን የጀመርነው ቅቅል ሆኖ ያርፋል። ከዚህ በታች ያለው አሠራር ከሞላ ጎደል ይህን ውሃ ለማራቅ የሚደረግ ነው።

የሚያስፈልገው

ለሦስት ሰው፦ 400 ግራም ጅማትና ስብ የሌለው የበሬ ሥጋ (ሽንጥ ወይም ታፋ)፣ 250 ግራም ደረቅ የእንቁላል ኑድል፣ አንድ ካሮት፣ አንድ ቀይ የፈረንጅ ቃሪያ፣ ግማሽ ብሮኮሊ፣ አራት አረንጓዴ ሽንኩርት ከነቅጠሉ፣ ሦስት ፍልቃቂ ነጭ ሽንኩርት፣ አውራ ጣት የሚያህል ዝንጅብል። ለመጥበሻ የሱፍ ወይም የለውዝ ዘይት።

ለሶሱ፦ 3 የሾርባ ማንኪያ ሶይ ሶስ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ኦይስተር ሶስ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ጥቁር ሶይ ሶስ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ 1 የሻይ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች፣ 4 የሾርባ ማንኪያ ውሃ። ሁሉንም በአንድ ጎድጓዳ ሳህን በጥብጣችሁ አስቀምጡ። ጥቁሩ ሶይ ሶስ በዋናነት ለቀለም ነው፤ ከሌለ ይቅር። ጨው አትጨምሩ፣ ሶይ ሶሱ በቂ ጨው አለው።

ሥጋው

ሥጋውን ከመቁረጣችሁ በፊት ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ፍሪዘር ውስጥ አቆዩት። በረዶ ሳይሆን ጠንከር ሲል ቢላዋው አይንሸራተትም። ከዚያ ብርሃን ላይ አድርጋችሁ ተመልከቱት፤ እንደ እንጨት ጭረት በአንድ አቅጣጫ የተኙ መስመሮች ታያላችሁ። የጡንቻው ክሮች ናቸው። ቢላዋውን ከክሮቹ ጋር እኩል ካስኬዳችሁት እያንዳንዱ ቁራጭ ረጅም ክር እንደያዘ ይቀራል፣ የመበጠሱን ሥራ ለጥርስ ትተዋላችሁ ማለት ነው። አግድም ቁረጡት፣ ውፍረቱም ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ይሁን። ተቆርጦ የሚሸጥ ሥጋ አልመክርም። ጊዜ ይቆጥባል፣ ነገር ግን ብዙ ጊዜ የክሩን አቅጣጫ ሳይመለከቱ የቆረጡት ነው፤ አንዴ ከተቆረጠ ደግሞ የሚስተካከልበት መንገድ የለም።

አሁን ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በአንድ የሾርባ ማንኪያ ውሃ በጥብጡና ሥጋውን እሹበት። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይቆይ። ሶዳው የሥጋውን ላይኛ ክፍል ከአሲድነት ያርቀዋል፤ በዚህም ምክንያት ፕሮቲኖቹ ሙቀት ሲነካቸው አጥብቀው አይጨማደዱም፣ ሥጋውም ውሃውን ይዞ ይቆያል። ብዙ ምግብ ቤቶች ተራ ሥጋ እንዲያ የሚለሰልስላቸው በዚህና ይህን በመሰለ ዘዴ ነው። ሰዓቱን ግን አክብሩ። እኔ አንድ ጊዜ «ብዙ ሲቆይ ይበልጥ ይለሰልሳል» ብዬ አሳደርኩት፤ ሲነጋ ሥጋው የረጠበ ስፖንጅ መስሏል፣ ሲበሰል ደግሞ ሳሙና ሳሙና አለ። 20 ደቂቃ ሲሞላ በቀዝቃዛ ውሃ በደንብ አለቅልቁት፣ ከዚያ በንጹሕ ፎጣ ወይም በወጥ ቤት ወረቀት ተጭናችሁ አድርቁት። ማድረቁን አትለፉት። በ1 የሾርባ ማንኪያ ሶይ ሶስ፣ በ2 የሻይ ማንኪያ የበቆሎ ስታርችና በ1 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ለውሱት። ስታርቹ ስስ ሽፋን ይሠራል፣ ኋላ ሶሱም እሱን ይዞ ይጣበቃል።

ኑድሉና አትክልቱ

ኑድሉን እሽጉ ላይ ከተጻፈው አንድ ደቂቃ ቀደም ብላችሁ አውጡት፣ መጥበሻው ላይ ይጨርሳል። ወዲያው በቀዝቃዛ ውሃ እጠቡት፤ ላዩ ላይ ያለው ስታርች ካልታጠበ ተያይዞ አንድ ጓል ይሆናል። ወንፊት ላይ አጥልሉ፣ በጥቂት ዘይት ለውሱና ትሪ ላይ በትኑት። ሥጋው እስኪዘጋጅ እዚያው ይጠፈፍ።

ካሮቱንና ቃሪያውን እንደ ክብሪት እንጨት አድርጋችሁ ክተፉ። ብሮኮሊው በፈላ ውሃ ውስጥ አንድ ደቂቃ ገብቶ ይውጣና ይድረቅ። በረዶ የሆነ የታሸገ አትክልት ለዚህ ምግብ አይሆንም፤ ሲቀልጥ ከየቁራጩ ውሃ ይወርዳል። ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ ይከተፉ። የአረንጓዴውን ሽንኩርት ነጩን ከቅጠሉ ለዩት።

መጥበሱ

መጀመሪያ ስለ መጥበሻው። ቀጭን የብረት ዎክ (ጎድጓዳው የቻይና መጥበሻ) ካላችሁ መልካም። ነገር ግን ምድጃችሁ ኤሌክትሪክና ጠፍጣፋ ከሆነ ታቹ ክብ የሆነ ዎክ ምድጃውን የሚነካው በአንዲት ነጥብ ብቻ ነው፤ ከእሱ 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ወፍራም የብረት መጥበሻ እጅግ ይሻላል። የማያጣብቅ ሽፋን ያለውን ለእንቁላል አስቀምጡት። ሽፋኑ ከ260 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሲግል መበላሸት ይጀምራል፤ ባዶውን ኃይለኛ እሳት ላይ የተጣደ መጥበሻ ደግሞ እዚያ ለመድረስ ብዙ ደቂቃ አይፈጅበትም።

የምግብ ቤት ምድጃ ከቤቱ ብዙ እጥፍ የሚበልጥ እሳት አለው። እነሱ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ጨምረው ሲያገላብጡ እሳቱ የወጣውን ውሃ ወዲያው ያተነዋል። የእኛ እሳት ይህን አይችልም። 400 ግራም ቀዝቃዛ ሥጋ በአንድ ጊዜ ሲገባ መጥበሻው ይቀዘቅዛል፣ ሥጋው ውሃ ይለቃል። ውሃ ደግሞ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ከፍ ባለ ቦታ እንዲያውም ከዚያ ባነሰ። መጥበሻው ውስጥ ውሃ እስካለ ድረስ ሥጋው ከዚህ በላይ አይግልም። ያን የጥብስ ቀለምና ሽታ የሚያመጣው ለውጥ ግን በደንብ የሚፋጠነው 140 ዲግሪ አካባቢ ሲደረስ ነው። መፍትሔው አንድ ነው፤ ሥጋውን ሦስት ቦታ ከፍላችሁ በየተራ ጥበሱ።

ይህን የተማርኩት ስምንት እንግዳ ጠርቼ ነው። መጠኑን እጥፍ አደረግሁ፣ መጥበሻውም ተመሳሳይ፣ እሳቱም ተመሳሳይ፤ ሰው እየጠበቀ ስለነበር ሁሉንም በአንድ ጊዜ ገለበጥኩት። ለጥቂት ሰከንድ ቸስ አለ፣ ከዚያ ዝም። ግራጫ አረፋ ከሥር ወጣ። ውሃው እስኪመጥ ከአሥር ደቂቃ በላይ አማሰልኩ፤ ሲመጥ ሥጋው ጎማ ሆኖ ነበር። እንግዶቹ በትሕትና በሉ፣ ሥጋውን ግን ሳህኑ ዳር ላይ ትተውት ተነሡ። መጠኑን ስታበዙ የሚበዛው ዙሩ እንጂ በአንድ ዙር የሚገባው ሥጋ አይደለም።

መጥበሻውን ባዶውን በኃይለኛ እሳት አግሉት። አንድ ጠብታ ውሃ ስታንጠባጥቡበት እንደ ብርጭቆ ዶቃ ክብ ሆና ከተንከባለለች ግሏል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ጨምሩ፤ ዘይቱ ሲርገበገብና ስስ ጭስ ሲታይ የሥጋውን ሲሶ ሳይደራረብ ዘርጉት። ከዚያ እጃችሁን ሰብስቡ። ለአንድ ደቂቃ ያህል አትንኩት፤ ቀለም የሚይዘው የብረቱን ፊት ሲነካ ነው። ገልብጡት፣ ሃያ ሰከንድ ጠብቁ፣ መሐሉ ቀላ እንዳለ አውጡት። ጆሯችሁን አትርሱ፦ ደረቅና ፈጣን የቸስስታ ድምፅ ከሆነ ደህና ነው፣ ወደ መንተክተክ ከተለወጠ ውሃ ወጥቷል። ያኔ ሥጋውን አውጡ፣ ፈሳሹን ወደ ሶሱ ገልብጡት፣ መጥበሻውን ጥረጉና እንደገና አግላችሁ ቀጥሉ። በየዙሩ መካከል ዘይት ጨምሩና መልሶ እስኪግል ታገሡ።

ሥጋው ካለቀ በኋላ ካሮት፣ ቃሪያ፣ ብሮኮሊና የሽንኩርቱ ነጭ ክፍል ገብተው ሁለት ደቂቃ ይላወሱ። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ከእነሱ ኋላ ለግማሽ ደቂቃ ብቻ። ብዙ ሰው እነሱን ያስቀድማል፤ በዚህ እሳት ግን ያርራሉ፣ ምሬታቸውም ምግቡን በሙሉ ያዳርሳል።

ኑድሉን ጨምሩ፣ በመቆንጠጫ ወይም በሁለት የእንጨት ማንኪያ ከሥር እያነሣችሁ በትኑት። ሥጋውን ከጠብታው ጋር መልሱ። ስታርቹ ሳህኑ ሥር ስለሚዘቅጥ ሶሱን እንደገና በጥብጡና በመጥበሻው ዳር ዙሪያ አፍስሱ። ስታርች የሚወፍረው ሲፈላ ነው፤ ሶሱ እየፈላ ሥጋውን አቃጥሎ እስኪያበስለውና ኑድሉን እስኪያለብሰው አንድ ደቂቃ ያህል አገላብጡ። እሳቱን አጥፉ። አንድ የሻይ ማንኪያ የተቆላ ሰሊጥ ዘይትና የሽንኩርቱን ቅጠል የምትጨምሩት አሁን ነው፣ ሰሊጡ ኃይለኛ እሳት ላይ መዓዛውን ያጣል።

የተረፈው በሁለት ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ይግባ፤ እስከ ሦስት ቀን ይቆያል። ሲሞቅ መጥበሻ ላይ፣ በአንድ ማንኪያ ውሃ፣ ተከድኖ አንድ ደቂቃ፣ ከዚያ ተከፍቶ ውሃው እስኪጠፋ።