ጊታሪስቱን «ድምፅ ቀንስ» አትበሉት

ብሉዝ ሮክ ለመቅረጽ የሚሰናዳ ባንድ ሁሉ ስለ ማይክሮፎን ይጠይቀኛል። እኔ ግን አስቀድሜ የማየው የአምፕሊፋየሩን የድምፅ መቆጣጠሪያ ነው። ዝቅ ብሎ ሁለት ላይ ከቆመ ማይክሮፎኑ የወርቅ ቢሆንም አይረዳችሁም።

እንግሊዛዊው የብሉዝ ሙዚቀኛ ጆን ሜያል እ.ኤ.አ. በ1966 ከጊታሪስቱ ኤሪክ ክላፕተን ጋር ያወጣውን «ብሉዝ ብሬከርስ» አልበም አዳምጡ። ለንደን በሚገኘው የዴካ ስቱዲዮ ክላፕተን ጊብሰን ሌስ ፖል ጊታሩን በማርሻል አምፕሊፋየር አስጮኸው፤ ያውም መድረክ ላይ በሚጫወትበት ከፍታ። የዚያ ዘመን የስቱዲዮ ሰዎች ይህን አልለመዱም ነበር። ነገር ግን ያ ቃና በዝቅተኛ ድምፅ አይገኝም። የቫልቭ (በመስታወት ቱቦዎች የሚሠራ) አምፕሊፋየር ከአቅሙ በላይ ሲገፋ የድምፅ ሞገዱ ጫፍ ይቆረጣል፤ ድምፁ ይወፍራል፣ ይሻክራል፣ ኖታውም ቶሎ አይሞትም።

ጩኸቱ ካስቸገራችሁ አምፕሊፋየሩን አሳንሱት። እ.ኤ.አ. በ1970 በማያሚው ክራይቴሪያ ስቱዲዮ ክላፕተንና ሌላው ጊታሪስት ዱዌን ኦልማን «ላይላ» የተባለውን አልበም ሲቀርጹ የተጫወቱት በትንንሽ የፌንደር አምፕሊፋየሮች ነበር። አምስት ዋት ጥርሱን ነክሶ ሲሠራ፣ መቶ ዋት እያንቀላፋ ከሚሰጠው ይበልጣል። ጆሯችሁን ግን ሸፍኑ።

አንድ ዳይናሚክ ማይክሮፎን (ከፍተኛ ጩኸት የሚችለውን ዓይነት) ከአምፕሊፋየሩ ስፒከር አንድ ስንዝር አርቃችሁ ትከሉ። ወደ መሃሉ ሲጠጋ ድምፁ ይሰላል፣ ወደ ጠርዙ ሲሄድ ይለዝባል። በጣት ስፋት እያንቀሳቀሳችሁ ስሙ፤ ኢኳላይዘሩን (ቀጭንና ወፍራም ድምፅ ማስተካከያውን) ለጊዜው እርሱት። ሁለተኛውን ማይክሮፎን ሁለት ሜትር ያህል አርቁት፤ የክፍሉን አየር የሚያመጣው እርሱ ነው። ድምፅ አንድ ሜትር ለመጓዝ 3 ሚሊሰከንድ ገደማ ስለሚፈጅበት ወደ ሩቁ ማይክሮፎን ዘግይቶ ይደርሳል፤ ስለዚህ የሁለቱ ድምፅ ሲደመር ቃናው ሊሳሳ ይችላል። በሞኖ (ሁሉንም በአንድ መስመር አዋህዳችሁ) አዳምጡ፤ ከሳሳ ርቀቱን ለውጡ ወይም የአንዱን ፌዝ (የሞገዱን ላይና ታች) ገልብጡ።

ባንዱንም አትነጣጥሉት፤ ሁሉም በአንድ ክፍል አብረው ይጫወቱ። ከበሮው በጊታሩ ማይክሮፎን ውስጥ ይሰማል፤ ይሰማ። በመካከላቸው ወፍራም ብርድ ልብስ መስቀል ይበቃል። እርግጥ የገባው ድምፅ ተመልሶ ስለማይወጣ አንዱ ሲሳሳት ሁሉም እንደገና ይጀምራል። ይህን እንደ ጉዳት አልቆጥረውም፤ ስሕተቱን ኮምፒውተር እንደሚያርምለት የሚያውቅ ሰው ግማሽ ልቡን ቤቱ ትቶ ነው የሚጫወተው።

ሃርሞኒካ ካለ ተጫዋቹ ማይክሮፎኑን ከሃርሞኒካው ጋር በእጁ ጨብጦ በራሱ ትንሽ አምፕሊፋየር ይጫወት፤ የሚቀረጸውም የአምፕሊፋየሩ ድምፅ ይሁን።

ሚክስ ስታደርጉ (የተቀረጹትን ድምፆች ስትቀላቅሉ) ከጊታሩ ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን ወፍራም ድምፅ ቁረጡ፤ ቦታው የቤዙና የትልቁ ከበሮ ነው። ሪቨርብ (ሰው ሠራሽ የክፍል ማስተጋባት) ከመጨመራችሁ በፊት የሩቁን ማይክሮፎን ከፍ አድርጉት፤ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ አያስፈልግም።