ሞተር የተገጠመለት ብስክሌት አውቶማቲክ ፍሪሲዮን እንዴት ይጠገናል?

ከለገሃር ተነስቶ በቸርችል ጎዳና ወደ ፒያሳ የሚወጣ ባለ ሞተር ብስክሌት ዳገቱ ላይ ሞተሩ እየጮኸ ፍጥነት አልጨምር ካለ፣ ብዙ ባለቤቶች መጀመሪያ የሚጠረጥሩት ካርቡሬተሩን ወይም ካንዴላውን ነው። ሞተሩ ዙር እየጨመረ ጎማው ካልተከተለው ግን በቅድሚያ መታየት ያለበት ፍሪሲዮኑ፣ ማለትም ሞተሩን ከጎማው ጋር የሚያገናኘውና የሚያላቅቀው ክፍል ነው። ይህ ክፍል በአብዛኛው የሚጎዳው ብዙ ኪሎ ሜትር በመነዳቱ ሳይሆን እየተንሸራተተ በመሥራቱ ስለሆነ፣ ሸራ ለመግዛት ከመሄድ በፊት ለምን እንደሚንሸራተት መረዳት ያስፈልጋል።

አሠራሩ ቀላል ነው። በሞተሩ ዘንግ ጫፍ ላይ እንደ ፍሬን ሸራ ያሉ ሁለት ወይም ሦስት ሸራዎች አሉ፤ ሞላዎች ወደ መሃል ስበው ይይዟቸዋል። ሞተሩ ዙር ሲጨምር ሸራዎቹ ሞላውን አሸንፈው ወደ ውጭ ይከፈቱና በዙሪያቸው ያለውን ታምቡሮ (ክብ የብረት ከበሮ) ይይዙታል፤ ታምቡሮውም ኃይሉን በካቴና ወይም በቺንጋ ወደ ኋላ ጎማ ያስተላልፋል። ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ሸራዎቹን ወደ ውጭ የሚገፋው ኃይል ከዙሩ በላይ በፍጥነት ማደጉ ነው፤ ዙሩ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር እየታገለ ዳገት ሲወጣ ሸራው ታምቡሮውን አጥብቆ አይዝም፤ እየተፋተገ ይሞቃል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ከፍታን ያለፈች ከተማ በመሆኗ አየሩ ስስ ነው፣ ትንሽ ሞተርም ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። በዚህ ምክንያት እዚህ ከተማ ውስጥ ፍሪሲዮኑ በሚንሸራተትበት ዙር ላይ የሚቆየው ሜዳማ በሆነ የባሕር ዳርቻ ከተማ ከሚቆየው የበለጠ ነው።

ሥራው የሚጀመረው ሳይፈቱ ምልክቱን በማንበብ ነው። ሞተሩ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጡት በሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር) እያለ ብስክሌቱ ወደፊት ልሂድ የሚል ከሆነ፣ ወይ ሚኒሞው ከፍ ብሏል ወይም ሞላው ደክሟል። ሲነሳ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ሸራው እኩል አልያዘም ወይም ቆሽሿል። የተቃጠለ ሽታ ካለ ደግሞ ለረጅም ጊዜ ሲንሸራተት ቆይቷል ማለት ነው።

ለመፍታት ሞተሩ ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ፤ በስህተት እንዳይነሳም የካንዴላውን ኮፍያ ይንቀሉ። ካቴናውን ወይም ቺንጋውን ካወጡ በኋላ የታምቡሮውን ቤት ከሞተሩ ጋር የሚያያይዙትን ቡሎኖች ፈትተው ቤቱን ቀስ ብለው ይሳቡ። ሸራዎቹን ከማውጣትዎ በፊት በስልክዎ ፎቶ ያንሱ፤ በየትኛው ጎን እንደሚገጠሙና ሮንዴላዎቹ በምን ቅደም ተከተል እንደተቀመጡ ኋላ ላይ በቃል ማስታወስ ያስቸግራል፤ ተገልብጦ የተገጠመ ሸራም አያያዙ ይለወጣል።

ውስጡ ጥቁር ዱቄት ይታያል። ጎሚስታ ቤት ወስዶ በኮምፕሬሰር ማስነፋት የተለመደ ቢሆንም ይህን ፈጽሞ አያድርጉ። የሸራ ዱቄት ለሳንባ ጎጂ ነው፤ አንዳንድ ሸራዎችም አስቤስቶስ ሊኖራቸው ይችላል። አፍንጫዎን በማስክ ሸፍነው በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉት፤ ጨርቁንም በፌስታል አስረው ይጣሉት። ዱቄቱ ደረቅ ሳይሆን ረጥቦ የተጋገረ ከሆነ በሞተሩ ዘንግ ዙሪያ ያለው ፓራኦሊዮ (ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደው የጎማ ቀለበት) ዘይት ያፈሳል ማለት ነው። እሱ ሳይቀየር አዲስ ሸራ መግጠም ገንዘብ ማባከን ነው፤ ዘይት የጠጣ ሸራም ቢታጠብ አስተማማኝ ስለማይሆን መቀየር አለበት።

ሸራው ደረቅ ሆኖ ገጹ እንደ መስታወት ካብለጨለጨ ግን ሙቀት አጠንክሮታል እንጂ አላለቀም። 120 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት በጠፍጣፋ ነገር ላይ ዘርግተው፣ የሸራውን ቅስት ተከትለው በእርጋታ ይሹት፤ ብልጭታው ጠፍቶ ገጹ ሲደበዝዝ ያቁሙ። እዚህም ላይ ማስኩ አይውለቅ። ሸራው ሳስቶ ወደ ብረቱ ከተጠጋ ወይም ጠርዙ ከተሰነጠቀ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ይቀይሩ፤ አንዱን አዲስ፣ ሌላውን አሮጌ ማድረግ ክብደታቸውን ስለሚያበላልጥ ሞተሩን ያንቀጠቅጠዋል።

ሞላዎቹን በጥንቃቄ ይመልከቱ። አንድ ሞላ ሳይሠራ ጠምዛዞቹ ተጠጋግተው መቀመጥ አለባቸው፤ በመካከላቸው ክፍተት ከታየ ተለጥጧል። ብዙ ጊዜ የሚሰበረው መሃሉ ሳይሆን ጫፉ ላይ ያለው መንጠቆ ነው፤ መንጠቆው ከታጠፈበት ቦታ ላይ ቀጭን ስንጥቅ ወይም የተበላ ጠርዝ ካለ ሞላዎቹን በሙሉ ይለውጡ። ሞላ ሲበጠስ ሸራው በሚኒሞም ታምቡሮውን ስለሚይዝ ብስክሌቱ ሞተሩ እንደተነሳ ሊፈተለክ ይችላል፤ ይህም መኪና በሚርመሰመስበት ጎዳና ላይ እጅግ አደገኛ ነው። ምትክ ለመግዛት ወደ መርካቶ ሲሄዱ አሮጌውን ይዘው ይሂዱ፤ ርዝመቱና የሽቦው ውፍረት ተመሳሳይ መሆን አለበት። ጠንካራ ሞላ ይሻላል የሚል ምክር ይሰማል፤ ጠንካራ ሞላ ግን ፍሪሲዮኑ ዘግይቶ በከፍተኛ ዙር እንዲይዝ ስለሚያደርግ የሞተሩን ጠባይ ሳያውቁ የሞላውን ጥንካሬ መለወጥ ተገቢ አይደለም።

የታምቡሮው የውስጥ ገጽ ለስላሳ መሆን አለበት። ሰማያዊ ቀለም ከያዘ ከመጠን በላይ ሞቋል፤ ስንጥቅ ካለው ይጣላል። ታምቡሮው የሚዞርበትን ኩሽኔታ በጣት ያዙሩት፤ ከሻከረ ወይም ከተነቃነቀ በጎኑ ላይ በተቀረጸው ቁጥር ምትኩን ይግዙ።

ሲገጥሙ ሸራዎቹ በቡሎኖቻቸው ላይ በነጻነት መከፈትና መመለስ አለባቸው። ግራሶ አይቀቡ፤ ሲሽከረከር ተረጭቶ ሸራው ላይ ያርፋል። ቡሎኖቹን የሞተሩ መመሪያ በሚያዘው መጠን ያጥብቁ፤ ቤቱን ከገጠሙ በኋላም ታምቡሮውን በእጅ አዙረው ሳይፋቅ መዞሩን ያረጋግጡ።

በመጨረሻም የኋላ ጎማውን ከመሬት አንስተው ሞተሩን ያስነሱ። ሲሞቅ ሚኒሞውን በካርቡሬተሩ ማስተካከያ ቪቴ ዝቅ ያድርጉ፤ ሞተሩ ሳይጠፋ ጎማው መቆም አለበት። ጎማው በዝግታ ቢዞርና ፍሬን በትንሹ ሲነካ ቢቆም የኩሽኔታው መጎተት ብቻ ስለሆነ አያሳስብም። አዲስ ሸራ ከተገጠመ መጀመሪያ ሜዳ ላይ፣ ያለ ጭነት፣ እያረፉ ይንዱ፤ ሸራው ሙሉ ገጹ ታምቡሮውን እስኪለምድ ዳገት አይሞክሩ።

ከዚያ በኋላ ሲነሱ ሁልጊዜ በፔዳል ያግዙት። መብራት ላይ ሲቆሙ ፍሬን ይዘው ነዳጅ አይስጡ። ዳገት በየቀኑ የሚወጡ ከሆነ ካቴናው የሚዞርበትን የኋላ ጥርስ፣ የጥርሱ ቁጥር በበዛ መተካት ሞተሩ ከፍ ባለ ዙር እንዲሠራ ስለሚያደርግ ሸራውን ከማንኛውም ጥገና በላይ ያድነዋል። በክረምት ውኃ ገብቶበት ለጊዜው ቢንሸራተት፣ ሜዳ ላይ ቀስ ብለው በመንዳት ያድርቁት። ቁልቁል ሲወርዱም ዙሩ ሲቀንስ ፍሪሲዮኑ ስለሚለቅ ሞተሩ ብስክሌቱን አይዝልዎትም፤ ፍሪሲዮኑን በከፈቱ ቁጥር የሁለቱንም ጎማዎች ፍሬን አብረው ይመርምሩ።