ይህን ፋይል ማን ጻፈው? የፍላተር ፕሮጀክትን ፎልደሮች ለማወቅ

ባለፈው ክረምት የአክስቴ ልጅ ከደብረ ብርሃን ደወለልኝ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ፍላተር የሚባለውን የአፕ መሥሪያ ጭኖ የመጀመሪያ ፕሮጀክቱን መፍጠሩ ነው። «እትዬ፣ ገና አንድ መስመር ሳልጽፍ ይሄ ሁሉ ፋይል ከየት መጣ? የቱን ነው የምነካው?» አለኝ።

ጥያቄው ደስ አሰኘኝ። ብዙ ጀማሪ ይህን ሳይጠይቅ በቀጥታ ኮድ መጻፍ ይጀምራል። ከወራት በኋላ ከፍቶት በማያውቀው ፎልደር ውስጥ ችግር ሲፈጠር ግን የት እንደሚፈልግ ግራ ይገባዋል። ለእሱ የነገርኩትን ለእናንተም ልጻፈው። ምሳሌዬ እናቴ ላለችበት እድር የሠራሁት አፕ ነው። የአባላት ስም፣ የወር መዋጮ እና የለቅሶ ወጪ ይመዘግባል።

አንድ ፋይል ስትከፍቱ መጀመሪያ «ይህን ማን ጻፈው?» በሉ። ወይ እናንተ ናችሁ፣ ወይ ፍላተር ጀምሮ ለእናንተ የተወው ነው፣ ወይ ደግሞ ማሽኑ በየጊዜው ራሱ የሚሠራው ነው። የራሳችሁን እንደ ዓይን ብሌን ጠብቁ። ፍላተር የጀመረላችሁን ምክንያት ሲኖራችሁ ንኩት። ማሽኑ የሚሠራውን በእጅ አታስተካክሉ፤ ሲያስቸግር ግን ሳትፈሩ አጥፉት።

ከእናንተው ድርሻ እንጀምር። ሊብ የሚባለው ፎልደር ነው። ቀናችሁ የሚያልፈው እዚህ ነው። ስትከፍቱት ሜይን ዶት ዳርት የሚል አንድ ፋይል ብቻ ታገኛላችሁ። አፑ ሲከፈት ሥራ የሚጀምረው ከእሱ ነው። ከዚያ ውጭ ሊብ ውስጥ ምን ፎልደር እንደምትከፍቱ ፍላተር አያስገድዳችሁም። ጀማሪን የሚያስጨንቀውም ይኸው ነፃነት ነው።

እኔ መጀመሪያ በዓይነት ነበር የከፈልኩት። ስክሪኖች አንድ ቦታ፣ ሞዴሎች (የመረጃውን ቅርጽ የሚገልጹት) አንድ ቦታ፣ ከዳታቤዝ ጋር የሚነጋገሩት ሌላ ቦታ። ፋይሎቹ አሥር እስኪሞሉ ድረስ በጣም ይመቻል። አርባ ሲደርሱ ግን መዋጮ ላይ «ቅጣት» የሚል አንድ ሳጥን ለመጨመር አራት ፎልደር እየከፈትኩ መዞር ጀመርኩ። ስለዚህ አፍርሼ በሥራ ከፈልኩት። አሁን አባላት፣ መዋጮ፣ ለቅሶ የሚሉ ሦስት ፎልደሮች አሉኝ። እያንዳንዱ የራሱን ስክሪን፣ ሞዴል እና የዳታቤዝ ኮድ ይዟል። ሁሉም የሚጠቀሙባቸው ቀለሞች፣ በተኖች እና የቀን አጻጻፍ «የጋራ» በሚል አራተኛ ፎልደር ተቀመጡ። አከፋፈሌን የምፈትነው እንዲህ ነው፦ እድሩ ነገ «የለቅሶውን ክፍል አንፈልገውም» ቢል፣ አንድ ፎልደር አጥፍቼና ጥቂት መስመር አርሜ መጨረስ አለብኝ። ካልቻልኩ አንድ ነገር ያለ ቦታው ገብቷል ማለት ነው።

ትንሽ አፕ ከሆነ በዓይነት ክፈሉት፤ ምንም ክፋት የለውም። የፎልደሮቹንና የፋይሎቹን ስም ግን በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደል ጻፉ፤ ቃላቱን በታች ሰረዝ አያይዙ። የፍላተር የፕሮግራም ቋንቋ ዳርት የሚመክረው ይህን ነው። በዚያ ላይ ዊንዶውስ በፋይል ስም ትልቅና ትንሽ ፊደል አይለይም፤ ሊኑክስ ይለያል። በእናንተ ላፕቶፕ የሠራው ኮድ ጓደኛችሁ ጋ ሲደርስ «ፋይሉ የለም» የሚለው አንዳንዴ በዚህ የተነሳ ነው።

ከሊብ ውጭ በብዛት የምትከፍቱት ፐብስፔክ ዶት ያምልን ነው። የፕሮጀክቱ መዝገብ በሉት። የአፑ ስም፣ ቨርዥን፣ የምትጠቀሙባቸው ፓኬጆች (ሌሎች የጻፉት ዝግጁ ኮድ)፣ ምስሎችና ፎንቶች እዚህ ይመዘገባሉ። ምስል አሴትስ የሚል ፎልደር ከፍታችሁ ውስጡ አስቀምጣችሁ እዚህ ካላስመዘገባችሁ አፑ አያውቀውም። እኔ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን አስገብቻለሁ፤ የእድሩ አባላት ስልክ የተለያየ ስለሆነ ፊደሉ በሁሉም ላይ አንድ ዓይነት እንዲታይ ፈለግሁ። ያምል ውስጥ መስመር ገባ የሚደረገው በስፔስ ነው፤ ታብ አይቀበልም። አንድ ስፔስ ቢዛነፍ ፋይሉ ላይነበብ ወይም በተሳሳተ መንገድ ሊነበብ ይችላል። ቨርዥኑ ላይ ከመደመር ምልክቱ በፊት ያለውን ቁጥር ተጠቃሚው ያየዋል። ከመደመሩ በኋላ ያለው ለፕሌይ ስቶር ነው፤ አዲስ በጫናችሁ ቁጥር መጨመር አለበት።

አጠገቡ ፐብስፔክ ዶት ሎክ አለ። እሱን ማሽኑ ይጽፈዋል፤ አፕ የምትሠሩ ከሆነ ግን አታጥፉት፤ ኮዳችሁን በኢንተርኔት ወደምታስቀምጡበት ወደ ጊትሃብም አብሮ ይግባ። የትኛው ፓኬጅ በየትኛው ቨርዥን እንደሠራ የሚያስታውሰው እሱ ነው።

አሁን ወደ አንድሮይድ ፎልደር እንግባ። ፍላተር ጀምሮ የተወልን ይህ ነው፤ እኔም የተቸገርኩት እዚሁ ነው። አፑ ከላፕቶፔ ጋር በተያያዘው ስልኬ ላይ ያለ እንከን ይሠራ ነበር። ሪሊዙን (ለተጠቃሚ የሚሰጠውን) ኤፒኬ፣ ማለትም የአንድሮይድ መጫኛ ፋይል፣ ሠርቼ ለእድሩ ጸሐፊ በቴሌግራም ላክሁላቸው። «ልጄ፣ ከፈትኩት፤ ግን የአንድም ሰው ስም አይመጣም» አሉኝ። ሁለት ሌሊት ኮዴን አገላበጥኩ። ሰርቨሩን አየሁ። የእሳቸውን ኔትወርክ ጠረጠርኩ። ችግሩ ግን ሊብ ውስጥ አልነበረም።

አንድሮይድ፣ ከዚያ አፕ፣ ከዚያ ኤስአርሲ ብላችሁ ግቡ። ዲባግ (አፑን እየሠራችሁ ለምትሞክሩበት)፣ ሜይን (ለሁሉም) እና ፕሮፋይል (ፍጥነቱን ለምትለኩበት) የሚሉ ሦስት ፎልደሮች ታገኛላችሁ። በእያንዳንዱ ውስጥ አንድሮይድ ማኒፌስት የሚባል ፋይል አለ። ማኒፌስት አፑ ከስልኩ የሚጠይቀውን ፈቃድ ይዘረዝራል። ፍላተር የኢንተርኔት ፈቃድን በዲባግና በፕሮፋይል ውስጥ ጽፎ ይሰጣችኋል፤ እንደ ሆት ሪሎድ (ኮድ ስትቀይሩ ለውጡን ወዲያው አፑ ላይ እንደሚያሳየው) ላሉ ነገሮች ራሱ ከአፑ ጋር ለመነጋገር ስለሚያስፈልገው ነው። ሪሊዝ ግን እነዚያን ሁለቱን አያነብም፤ የሜይንን ብቻ ነው። የእኔ ሜይን ማኒፌስት ደግሞ ስለ ኢንተርኔት ምንም አይልም ነበር። አንዲት መስመር ጨመርኩ፤ ስሞቹ መጡ። አፓችሁ ኢንተርኔት የሚጠቀም ከሆነ ይህን መስመር ፕሮጀክቱን በፈጠራችሁበት ቀን ጨምሩት።

በዚያው ማኒፌስት ውስጥ ሌብል የሚል አለ። ስልኩ ላይ ከአይከኑ በታች የሚነበበው ስም እሱ ነው፤ በአማርኛ መጻፍ ትችላላችሁ። አይከኑ ራሱ ሚፕማፕ በሚሉ አምስት ፎልደሮች ውስጥ ነው፤ ከ48 እስከ 192 ፒክስል በአምስት መጠን።

ቢልድ ግሬድል የሚባሉ ፋይሎች ሁለት ናቸው። አንዱ አንድሮይድ ውስጥ፣ ሌላው አንድሮይድ ሥር ባለው አፕ ውስጥ ነው። ብዙ ጊዜ የምትፈልጉት ሁለተኛውን ነው። አፕሊኬሽን አይዲ የሚለውን የአፑን መለያ ፈልጉ። ፕሮጀክቱን ስትፈጥሩ የራሳችሁን ካልሰጣችሁ በኮም ዶት ኤግዛምፕል ይጀምራል። ፕሌይ ስቶር ያንን አይቀበልም። አንዴ ከታተመ በኋላም ያ አፕ መለያውን መቀየር አይችልም። ስለዚህ ቀድማችሁ አስቡበት።

የአይኦኤስ ፎልደር ውስጥ ራነር የሚል አለ፤ እዚያ ኢንፎ ዶት ፕሊስት የማኒፌስቱን ሥራ ይሠራል። ካሜራ የምትጠቀሙ ከሆነ ለምን እንደሆነ በቃላት ጻፉ፤ ካልጻፋችሁ አፑ ካሜራውን ሊከፍት ሲል ይዘጋል። ለአይፎን ለመሥራት ማክ ኮምፒውተር ያስፈልጋል። ዌብ፣ ዊንዶውስ፣ ሊኑክስ እና ማክኦኤስ የሚሉትን ካልፈለጋችሁ ማጥፋት ትችላላችሁ። በኋላ ቢያስፈልጉ ፍላተር ክሪኤት ብላችሁ ነጥብ በማስከተል ፕሮጀክቱ ውስጥ ሆናችሁ ተርሚናል ላይ ብታዙ ይመለሳሉ።

ቴስት ፎልደር ውስጥ አንድ የተዘጋጀ ፋይል አለ። ማይአፕ የሚለውን ክላስ ስም ስትቀይሩ ቀይ ኤረር የሚያሳየው እሱ ነው። አትደንግጡ፤ እዚያም ስሙን ቀይሩ።

የማሽኑ ድርሻ በዋናነት ሁለት ነው፦ ቢልድ እና ዶት ዳርት ቱል የሚባሉት ፎልደሮች። የአክስቴ ልጅ ፕሮጀክቱን እንድመለከትለት በቴሌግራም ሊልክልኝ ሲል ከ600 ሜጋባይት በላይ ሆነበት። በሞባይል ዳታ! አብዛኛው ቢልድ ነበር። ተርሚናል ላይ ፍላተር ክሊን ብለህ እዘዝ አልኩት፤ እነዚህን ፎልደሮች ያጠፋል። ጥቂት ሜጋባይት ብቻ ቀረ፤ ዚፕ አድርጎ ላከው። እኔ ጋ ሲደርስ ፍላተር ፐብ ጌት ብዬ ሳዝ ፓኬጆቹ መጡ። ኢንተርኔት በሌለበት ክሊን ካደረጋችሁም አትጨነቁ። የወረዱት ፓኬጆች ከፕሮጀክቱ ውጭ ስለሚቀመጡ ፐብ ጌትን በኦፍላይን ማዘዝ ይቻላል።

ጊትኢግኖር የሚባለው ፋይል ወደ ጊትሃብ የማይሄደውን ይዘረዝራል። ቢልድ እዚያ ውስጥ ተጽፏል። የአንድሮይድ ፎልደር ደግሞ የራሱ ጊትኢግኖር አለው፤ የአፑን መፈረሚያ ቁልፍ (አፑ የእናንተ መሆኑን የሚያረጋግጠውን) ይከለክላል፤ የይለፍ ቃሉን የያዘውን ኪ ዶት ፕሮፐርቲስ የተባለ ፋይልም እንዲሁ። ክልከላውን አታንሱ። ቁልፉን ግን እናንተ ራሳችሁ ሌላ ቦታ ማስቀመጥ አለባችሁ፤ ጊትሃብ ላይ ስለሌለ ላፕቶፑ ቢጠፋ አብሮ ይጠፋል። የእድሩ አፕ ቁልፍ በሁለት ፍላሽ ላይ አለ። አንዱ እኔ ጋ ነው፤ ሌላው እናቴ ቤት፣ ብፌው ውስጥ፣ ከእድሩ የድሮ መዝገብ ጋር ተቀምጧል።