የአይሱዙ የፊት መከላከያ ስታሠሩ

ጅማ ላይ ለአይሱዙ ኤንፒአር የፊት መከላከያ የምታሠሩ፣ ከውበቱ በፊት ጋቢናው ወደ ፊት እንደሚገለበጥ አስቡ። ብረቱ ተጠግቶና ከፍ ብሎ ከተሠራ ጋቢናው ሲነሳ ይጋጫል፤ ሞተር በተነካ ቁጥር መከላከያ መፍታት ነው። ስለዚህ ብየዳው ገና በነጥብ እንደተያዘ ጋቢናውን እስከ መጨረሻው ገልብጣችሁ ሞክሩ። በጣም በተጠጋበት ቦታ እንኳ አራት ጣት ክፍተት ይኑር።

ባለ 2 ኢንች፣ 3 ሚሊ ውፍረት ያለው ቱቦ ይበቃል። ከዚያ በላይ ሲወፍር ትርፉ የፊት ባሌስትራውን መጫን ነው።

ሻንሲ (የመኪናው ዋና የብረት አጽም) ላይ በቀጥታ አታስበይዱ፤ በብየዳው ጠርዝ በኩል ይሰነጠቃል። ሻንሲው ላይ ባሉት ቀዳዳዎች፣ ራሱ ላይ 8.8 (የጥንካሬ ደረጃው ነው) የተጻፈበት ቡሎን ተጠቀሙ። ሌላው ሥራ መኪናው ላይ የሚበየድ ከሆነ የባትሪውን ኔጌቲቭ አስቀድማችሁ ፍቱ፤ አለዚያ የዲናሞው ዳዮድ ሊቃጠል ይችላል።

የመከላከያው ፍርግርግ ወንፊት አይምሰል! ቀዳዳው ከ2 ሳንቲሜትር ካነሰ የክረምት ጭቃና ነፍሳት ይደፍኑታል፤ ራዲያተሩ አየር ያጣል። ቡና ጭናችሁ ከጊቤ በረሃ ወደ ወልቂጤ ሽቅብ ስትወጡ የሙቀት መለኪያው ይነግራችኋል። አግዳሚው ደግሞ ፍሬቻና የፊት መብራት እንዳይጋርድ።